ከባቄላ ሥር ወጣ የተባለው ባሲለስ፦ የአንድ ደብረ ብርሃን ላቦራቶሪ ጉዳይ

በ2010 ዓ.ም. መስከረም አጋማሽ ላይ አንዲት የማስተርስ ተማሪዬ ከሞረትና ጅሩ እና ከባሶና ወራና ማሳዎች የባቄላ ሥር ሰብስባ ደብረ ብርሃን ወዳለው ላቦራቶሪያችን መጣች። ባቄላው አበባ ላይ ነበር። ሥሩ ታጥቦ ሲታይ እንደ ጨሌ የተደረደሩ እባጮች አሉበት፤ ኖዱል የምንላቸው እነሱን ነው። በጥፍር ሲሰነጥቁት ውስጡ ቀይ ወይም ሮዝ ከሆነ ኖዱሉ ሥራ ላይ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ሌግሄሞግሎቢን ከሚባል ፕሮቲን ነው። የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ ሲሆን ኦክስጅንን ይዞ በልክ ያድላል፤ ናይትሮጅን የሚያዘጋጀው ኢንዛይም ልቅ ኦክስጅን ካገኘው ይበላሻልና። ተማሪዬ የሰነጠቀቻቸው ሁሉ ውስጣቸው ቀይ ነበር። ይህን አስታውሱልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዕቅዷ ግልጽ ነው። ከእያንዳንዱ ኖዱል ራይዞቢየም ሌጉሚኖሳረም የተባለውን ባክቴሪያ ለይታ ታወጣለች፤ የአየሩን ናይትሮጅን ወደ አሞኒያ የሚለውጠው እሱ ነው። ከዚያ በፒሲአር፣ የተፈለገን የዲ.ኤን.ኤ ቁራጭ ለይቶ በሚያባዛ ዘዴ፣ ሁለት ጂኖችን ትፈልጋለች። አንዱ ኖድ-ሲ ነው፤ ባክቴሪያው የባቄላውን ሥር ደጅ የሚያንኳኳበትን ኬሚካል ከሚሠሩት ጂኖች መካከል ነው። ሁለተኛው ኒፍ-ኤች ነው፤ ናይትሮጅኔዝ የተባለውን ኢንዛይም አንዱን ክፍል የሚያስገኝ ጂን ነው። ሁለቱንም የያዙት ባክቴሪያዎች ባቄላ ላይ ተፈትነው ለሕያው ማዳበሪያ ዕጩ ይሆናሉ። ባቄላ የተዘራበት መሬት ለከርሞው ስንዴ እንደሚያተርፍለት የጅሩ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቃል። እኛ ማወቅ የፈለግነው ያንን ትርፍ የሚሠራው የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ነበር።

አሠራሩ የተለመደው ነው። ኖዱሉ አልኮል ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ይነከራል፣ በረኪና ውስጥ 3 ደቂቃ ይቆያል፣ በመከነ፣ ማለትም ምንም ሕያው ነገር በሌለበት፣ ውሃ ስድስት ጊዜ ይታጠባል። ከዚያ ይጨፈለቅና ጭማቂው ማኒቶልና እርሾ ባለበት አጋር፣ ባክቴሪያ በሚበቅልበት ጄሊ መሳይ ምግብ፣ ላይ ይሰመራል። አጋሩ ኮንጎ ሬድ የተባለ ቀይ ቀለም አለው። ራይዞቢየም ቀለሙን እምብዛም ስለማይጠጣ ኮሎኒው (አንድ ላይ የበቀለው የባክቴሪያ ክምር) ነጣ ብሎ፣ እንደ ተልባ ውሃ ልሙጥ ሆኖ ይወጣል። ፔትሪ ዲሾቹ 28 ዲግሪ ላይ ይቀመጣሉ።

በሁለተኛው ቀን ሁሉም ዲሽ ላይ ኮሎኒ በቅሏል። ነጣ ያለ፣ ረጠብ ያለ። ተማሪዬ ደስ አላት፤ እኔም አብሬያት ተደሰትኩ። ራይዞቢየም ግን ቀርፋፋ ነው፤ ለዓይን የሚሞላ ኮሎኒ ለማውጣት ከ3 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። በሁለተኛው ቀን የበቀለ ነገር ሊያስጠረጥረን ይገባ ነበር። አላስጠረጠረንም። ቶሎ የወጣውን ለቅመን፣ አጥርተን፣ ቁጥር ሰጥተን ወደ ፍሪጅ አስገባነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ አንድ በአንድ መጣመም ጀመረ።

መጀመሪያ የባቄላው ፈተና ከሸፈ። ዘሩ በአሸዋ ላይ ተዘርቶ፣ ከለየናቸው ባክቴሪያዎች እየተጠጣ፣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ሲነቀል ሥሩ ራቁቱን ነበር። አንድም ኖዱል የለም። ቀጥሎ ፒሲአሩ መጣ። ከሌላ ላቦራቶሪ ያገኘነው የታወቀ የባቄላ ራይዞቢየም ለኖድ-ሲ 600 ቤዝ ገደማ፣ ለኒፍ-ኤች 360 ገደማ ላይ ጥርት ያለ ባንድ ሰጠ፤ ባንድ የምንለው የተባዛው ዲ.ኤን.ኤ ጄል ላይ በርዝመቱ ሲለይ የሚታየውን ብሩህ ጭረት ነው፣ ርዝመቱም በቤዝ፣ በዲ.ኤን.ኤ ፊደል፣ ይቆጠራል። ስለዚህ ማሽኑም፣ ጂኑን ፈልጎ የሚይዘው አጭር ዲ.ኤን.ኤ፣ ፕራይመሩም፣ የሚያባዛው ኢንዛይምም ደህና ናቸው። የእኛዎቹ መስመሮች ግን ከዳር እስከ ዳር ጨለማ።

ተማሪዬ ለዚህ ማብራሪያ ነበራት፤ ጥሩ ማብራሪያም ነበር። በራይዞቢየም ሌጉሚኖሳረም የኖድና የኒፍ ጂኖች የሚቀመጡት በዋናው ክሮሞዞም ላይ ሳይሆን በፕላዝሚድ፣ ከክሮሞዞሙ ተለይቶ ባለ የዲ.ኤን.ኤ ቀለበት፣ ላይ ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. ሙሉ ጂኖሙ የታተመው 3841 የተባለው ዝርያ ከክሮሞዞሙ ሌላ ስድስት ፕላዝሚዶች አሉት። ፕላዝሚድ ደግሞ ባክቴሪያው ላቦራቶሪ ውስጥ ከዲሽ ወደ ዲሽ ሲዘዋወር ሊጠፋ ይችላል። «መምህር፣ ጂኖቹ ጠፍተው ቢሆንስ?» አለችኝ። ሊሆን ይችላል አልኳት። ሁሉም ከሁሉም ላይ ባንድ ጊዜ መጥፋቱ ግን አልተዋጠልኝም።

ስለዚህ 16 ኤስ የተባለውን ጂን እንድታበዛ ነገርኳት። ይህ ጂን ለሪቦዞም የሚሆን አር.ኤን.ኤ የሚሠራ ሲሆን ሁሉም ባክቴሪያ ዘንድ አለ፤ ፊደሉ ተነቦ ሲወዳደር የባክቴሪያውን ወገን ይነግረናል። 1,500 ቤዝ ገደማ ላይ ወፍራም ባንድ ወጣ። ናሙናው ለንባብ ወደ ውጭ አገር ተላከ። ውጤቱ ሲመለስ ከላይ እስከ ታች አንድ ስም ነበር፦ ባሲለስ፣ ከራይዞቢየም ፈጽሞ የተለየ የባክቴሪያ ወገን።

ይህ የጉዳዩ አደገኛ ወቅት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ባሲለስ ኖዱል ውስጥ መገኘቱ የማይታመን ነገር አይደለም። ናይትሮጅን የማይሠሩ ባክቴሪያዎች ኖዱል ውስጥ ተጠልለው እንደሚኖሩ፣ ባሲለስም ከነሱ አንዱ እንደሆነ በተለያዩ አገሮች የተሠሩ ጥናቶች ጽፈዋል። ተማሪዬ እነዚያን ጽሑፎች አንብባ ነበር። በሁለት ወረዳ፣ በተለያየ አፈር፣ ከተለያዩ ገበሬዎች ማሳ የተሰበሰበ ናሙና ሁሉ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ሲሰጥ ለምን እውነት አይመስላት? የጽሑፉን ማጠቃለያ ረቂቅ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። የሰሜን ሸዋ ባቄላ ኖዱል ዋና ነዋሪ ባሲለስ ነው ይላል። ቋንቋው ጥሩ፣ ሠንጠረዡ የተስተካከለ፣ የባክቴሪያዎቹ የዝምድና ዛፍ የተሳለ። ያንን ረቂቅ ፈርሜ ብሰጣት ኖሮ ዛሬ ታትሞ ሌላ ሰው ይጠቅሰው ነበር። እኔን የያዘኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህ ሁሉ መመሳሰል ከኖዱሉ ነው ወይስ ከእኛ? የጄሉን ፎቶ አውጥተን እንደገና አየነው።

በእያንዳንዱ ፒሲአር ውስጥ ምንም ዲ.ኤን.ኤ ያልተጨመረበት አንድ ቱቦ አለ። ውሃ፣ ፕራይመር፣ ኢንዛይም፣ ሌላ የለም። በጄሉ ላይ መጨረሻ ላይ ይጫናል፣ ባዶ መሆንም አለበት። በ16 ኤስ ጄላችን ላይ ያ መስመር ባዶ አልነበረም። ደብዘዝ ያለች፣ ዓይን ካላጠበቡ የማትታይ ባንድ፣ ልክ 1,500 ላይ። ከወራት በፊት ተማሪዬ አሳይታኝ ነበር። ዲ.ኤን.ኤውን የሚያባዛው ታክ ኢንዛይም ራሱ የሚመረተው ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ውስጥ ስለሆነ የኢ. ኮላይ ዲ.ኤን.ኤ ቅሪት ብዙ ጊዜ አብሮት ይመጣል፤ ሁሉንም ባክቴሪያ በሚይዝ ፕራይመር ሲሠራ ደግሞ ይህ ቅሪት ባንድ ይሰጣል። ይህን ነግሬያት አለፍነው። የተናገርኩት እውነት ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ግን መልሱ እሱ አልነበረም።

«ይህን ውሃ ከየት አመጣሽው?» ብዬ ጠየቅኳት። ተገዝቶ የሚመጣው የፒሲአር ውሃ አልቆ ነበር፤ አዲስ እስኪገባ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ የተጣራ ውሃ በኦቶክሌቭ፣ በታፈነ እንፋሎት ተሕዋስያንን በሚገድለው ዕቃ፣ አምክና ተጠቅማለች። ኖዱሎቹ የታጠቡት በዚያው ውሃ ነው። አጋሩም የመከነው በዚያው ኦቶክሌቭ ነው። የዚያን ዕለት ምንም ያልተሰመረባቸው አሥር ዲሾች 28 ዲግሪ ላይ አስቀመጥን፣ ከውሃውም ጥቂት ጠብታ በሌሎች ላይ አፈሰስን። በሦስተኛው ቀን ከአሥሩ ባዶ ዲሾች በአራቱ ላይ ነጣ ያለ፣ ረጠብ ያለ ኮሎኒ በቀለ። ውሃው ያረፈባቸው ላይ ደግሞ ይበልጥ።

ባክቴሪያዎችን በሁለት ወገን በሚለየው፣ ግራም በሚባለው ቀለም ቀብተን ማይክሮስኮፕ ስር አየነው። ወይን ጠጅ ቀለም የያዙ ረዣዥም ዘንጎች፣ መሃላቸው ላይ ቀለም ያልገባው እንቁላል መሳይ ነጥብ። ነጥቡ ስፖሩ ነው፤ ባክቴሪያው ክፉ ጊዜ የሚያልፍበት፣ ሙቀት የሚቋቋም እንቅልፍ ላይ ያለ መልኩ። ራይዞቢየም ቢሆን ሮዝ ሆኖ በታየ ነበር፤ ስፖርም አይሠራም። ይህ ምርመራ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፣ የሚፈልገውም አራት ጠርሙስ ነው። ወደ ውጭ አገር ከመላካችን በፊት ሊሠራ ይገባው ነበር፤ እንዲሠራ ያላዘዝኩት እኔ ነኝ።

ኦቶክሌቩ ታዲያ ለምን አላመከነም? ኦቶክሌቫችን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የሚጣድ፣ ክዳኑ በብሎን የሚጠብቅ የአሉሚኒየም ድስት ነው። የሚሠራበት ለብዙ ዓመት የኖሩ የላቦራቶሪ ረዳት ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት «15 ፓውንድ፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ» ይላል። ጋሼ ከዚህ ውልፍት ብለው አያውቁም። በየዕቃው ላይ የሚለጠፈው የኦቶክሌቭ ቴፕም ሁልጊዜ መስመሩ ጠቁሮ ነበር የሚወጣው። ቴፕ ግን ዕቃው ለሙቀት መጋለጡን ይናገራል እንጂ ስፖር መሞቱን አይመሰክርም። ጋሼን ስንጠይቃቸው ቅር ብሏቸው፣ «እኔ ወረቀቱ ያለውን ነው የማደርገው ልጄ» አሉ። ልክ ነበሩ። ወረቀቱን የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ፤ ከመማሪያ መጽሐፍ ገልብጬ።

ቁልፉን የሰጠችን የተማሪዬ እናት ናት። ከሸዋ ሮቢት ልጇን ልትጠይቅ መጥታ ንፍሮ ትቀቅላለች። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ማታ ስልክ ደውላ ተማሪዬ የነገረችኝን እንደነገረችኝ ልጻፈው፦ «መምህር፣ እናቴ ‹እዚህ አገር ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ሽንብራው ግን አይበስልም፤ ምን ዓይነት እሳት ነው?› አለችኝ። እሳቱ አይደለም አይደል?»

እሳቱ አይደለም። ከፍ ባልን ቁጥር ከላያችን ያለው አየር ይሳሳል፣ ግፊቱ ይቀንሳል። ባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው፣ ደብረ ብርሃን ላይ 72 ገደማ። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል ነውና ባሕር ወለል ላይ 100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ሸዋ ሮቢት 96 ገደማ፣ ደብረ ብርሃን 90 ከግማሽ ገደማ ላይ ይፈላል። ቶሎ የፈላው ብዙ ሳይሞቅ ስለሚፈላ ነው። ንፍሮ የሚያበስለው ሙቀቱ እንጂ መንፈቅፈቁ አይደለም።

አሁን ወደ ድስታችን። የግፊት መለኪያው የሚያነበው በድስቱ ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። 15 ፓውንድ ማለት 103 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። ባሕር ወለል ላይ 103 ከ101 ጋር ተደምሮ 204 ይሆናል፤ በዚያ ግፊት እንፋሎት 121 ዲግሪ ነው። ኦቶክሌቭን በ1879 እ.ኤ.አ. የሠራው ሻርል ሻምበርላን ይሠራበት የነበረው ፓሪስም ከባሕር ወለል ብዙም አይርቅ። ደብረ ብርሃን ላይ ግን 103 ከ72 ጋር ተደምሮ 175 ነው። በ175 እንፋሎት 116 ዲግሪ ብቻ ነው። መርፌው 15 ላይ ቆሞ እውነቱን ተናግሯል፤ 121 ያልነው እኛ ነን።

አምስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ለስፖር ግን ሙቀት በአሥር ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ለመግደል የሚያስፈልገው ጊዜ በግምት አሥር እጥፍ ይረዝማል። ስለዚህ በ116 ዲግሪ 15 ደቂቃ ማቆየት በ121 ከ5 ደቂቃ ያነሰ ነው። ይህም ብቻውን ቢሆን ብዙውን ስፖር ይገድል ነበር፤ ሌላም ነገር መኖር አለበት ብለን ከፍተኛውን ሙቀት ይዞ የሚቆይ ቴርሞሜትር ተውሰን ገባንበት። ጋሼ እንደወትሮው ጫኑ፣ እኛ ቆመን አየን። ክዳኑን አጥብቀው ቫልቩን ወዲያው ዘጉ። ድስቱ ውስጥ የነበረው አየር ታፍኖ ቀረ ማለት ነው፤ ግፊቱን አየሩም ጭምር እየሠራው መርፌው 15 ደረሰ፤ ከእንፋሎት ጋር የተቀላቀለ አየር ደግሞ በዚያው ግፊት ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው። በላይኛው እርከን ላይ ትንሿ ቱቦ ውስጥ የነበረው ቴርሞሜትር 113 አለ። መሃል ላይ ባለ አንድ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ የነበረው 107። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው መርፌው 15 እንደነካ ስለሆነ የትልቁ ጠርሙስ መሃል ገና መሞቅ ላይ እያለ ሥራው አለቀ ይባላል። በ107 ዲግሪ 15 ደቂቃ በ121 ከአንድ ደቂቃ በታች ነው። ከፍታው፣ የታፈነው አየር፣ ትልቁ ጠርሙስ፤ ሦስቱ ተደማምረው ነው ያሸነፉን።

ያን ምሽት ስጽፍ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። በደንብ ያልመከነ ሚዲያ (እንደ አጋሩ ያለ የባክቴሪያ ምግብ) የተዘበራረቀ ቆሻሻ ያበቅላል ብዬ ነበር የማስበው፦ ሻጋታ፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ የተለያየ። የእኛው ግን ሁሌ አንድ ዓይነት ነበር፣ ያሳሳተንም እሱ ነው። ለካ ድስቱ ይመርጥ ነበር። ሻጋታው፣ እርሾው፣ ስፖር የሌለው ባክቴሪያ ሁሉ በ107 ይሞታል፤ ስፖር ያለው ባሲለስ ብቻ ይተርፋል። በየሳምንቱ፣ በየዲሹ፣ አንድ ወገን ብቻ። በሁለት ወረዳ ናሙና ላይ ያየነው መመሳሰል ከባቄላው ሳይሆን ከድስቱ የመጣ ነበር። የኖዱሎቹ ቀይ ቀለም ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይነግረን ነበር፦ ናይትሮጅን የሚሠራ ራይዞቢየም ውስጣቸው አለ፣ እናንተ ናችሁ ያላገኛችሁት። በሁለተኛው ቀን ቀድሞ የወጣውን ስንለቅም እውነተኛው በአራተኛው ቀን ሊወጣ ገና ነበር።

ማስተካከያው ላይ ትንሽ ተከራከርን። ደብረ ብርሃን ላይ 121 ለመድረስ መርፌው ወደ 19 ተኩል መውጣት አለበት። የእኛ ድስት ቀይ መስመሩ 18 ላይ ስለሚጀምር ያንን መሞከር ሰው ማቃጠል ነው፤ የደኅንነት ቫልቩን የሚነካ ሰውም አልፈቅድም። ስለዚህ 17 ላይ ወሰንን፤ 118 ዲግሪ ይሰጣል፣ የጎደለውን በጊዜ እንሞላለን። ቫልቩ ክፍት ሆኖ እንፋሎቱ ሳይቆራረጥ 10 ደቂቃ ይወጣል፣ ከዚያ ይዘጋል። ከ250 ሚሊ ሊትር የሚበልጥ ጠርሙስ አይገባም። ሰዓቱ 17 ከደረሰ በኋላ 40 ደቂቃ ነው። ሚዲያው ይበላሽ ይሆን ብለን ፈርተን ነበር፤ ማኒቶል ግን እንደ ግሉኮስ በሙቀት የሚጠቁር ስኳር አይደለም፣ ደህና ወጣ። ከእያንዳንዱ ዙር ሁለት ዲሽ ባዶውን ሦስት ቀን ይቀመጣል። የጂኦባሲለስ ስፖር ያለበት የመፈተኛ ወረቀትም ስናገኝ አብሮ ይገባል፤ እሱ ካልሞተ የዚያ ዙር ሚዲያ ይደፋል።

በዚሁ አጋጣሚ ሌሎች ነገሮችንም ፈተሽን። ዲ.ኤን.ኤ ለማውጣት «በሚፈላ ውሃ 10 ደቂቃ» የሚለው መመሪያ እዚህ 90 ዲግሪ ስለሆነ ወደ ብረት ማሞቂያው ብሎክ ቀየርነው። የፒሲአር ቱቦ 95 ዲግሪ ሲደርስ እዚህ ከመፍያው በላይ ነው፤ ክዳኑ በአውራ ጣት በደንብ ካልተጫነ ፈሳሹ ተኖ ያልቃል። ለዓመታት «የላላ ቱቦ ተገዛ» እያልን ነበር ያማረርነው።

ተማሪዬ ኖዱሎቿን ሁሉ አልጨረሰችም ነበር። ግማሹን በሲሊካ ጄል አድርቃ በትንንሽ ጠርሙስ አስቀምጣ ነበር፤ ራይዞቢየም በዚህ መልክ ወራት ይቆያል። ውሃ አጠጥታ፣ በአዲሱ አሠራር በመከነ ውሃ አጥባ፣ እንደገና ሰመረች። በሁለተኛው ቀን ዲሾቹ ባዶ ነበሩ። ላቦራቶሪ ውስጥ ባዶ ዲሽ አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ልሙጥ፣ ነጭ፣ ሲያዘነብሉት የሚንሸራተት ኮሎኒ ወጣ። በግራም ቀለም ሮዝ ሆኖ ታየ። በኖድ-ሲ ጄሉ ላይ ከአብዛኞቹ 600 ገደማ ላይ ባንድ መጣ፤ የውሃው መስመር ጨለማ ነበር። አሸዋ ላይ የተዘራው ባቄላ በአምስተኛው ሳምንት ሲነቀል ጋሼም መጥተው አዩ። አንዱን ኖዱል በጥፍራቸው ሰነጠቁት፣ ቀይ ነው።

የጥናቷ የአሠራር ምዕራፍ ላይ፣ ብዙ ሰው «ሚዲያው በኦቶክሌቭ መክኗል» ብሎ የሚያልፍበት ቦታ፣ እሷ ሦስት መስመር ጻፈች፦ ከፍታውን 2,840 ሜትር፣ መርፌው የቆመበትን 17፣ በጠርሙሱ መሃል የተለካውን 118 ዲግሪ እና ለ40 ደቂቃ። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት ጋሼ ራሳቸው ነቅለው አዲሱን በእጃቸው ጽፈው ለጠፉት።